ለምን ይቀልጣል? ስለ ከባድ ግራፊክስ ካርዶች የኃይል ኮኔክተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኤንቪዲያ ኩባንያ ሥራ የሆኑትን አርቲኤክስ 4090 ወይም 5090 ግራፊክስ ካርዶች ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ዋጋው ነው። ቀጥሎ የሚያስደነግጠው የቀለጠ ኮኔክተር ፎቶ ነው። ከዚያ ጥያቄው ይጎርፋል። አጭር መልስ ያለውን በአጭሩ አልፌዋለሁ። ሰው የሚጨቃጨቅበትን ግን ረዘም አድርጌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሚቀልጠው የትኛው ኮኔክተር ነው?

ከፓወር ሰፕላዩ፣ ኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ ከሚመግበው ሳጥን፣ ተነስቶ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሰካው ባለ 16 ፒኑ ነው። አሥራ ሁለቱ ወፈር ያሉ ፒኖች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ስድስቱ 12 ቮልት ይዘው ይመጣሉ፤ ስድስቱ ደግሞ መመለሻ ናቸው፣ ግራውንድ የሚባሉት። ከእነሱ ጎን አራት ቀጫጭን ፒኖች አሉ። ስለ አራቱ ኋላ እናወራለን፤ ብዙ ሰው የማይሠሩትን ሥራ ስለሚሰጣቸው።

መጀመሪያ የወጣው 12ቪኤችፒደብሊውአር ይባላል። በ2023 ተሻሽሎ የመጣው ደግሞ 12ቪ-2በ6 ነው። ምላስ የሚያስሩ ስሞች ስለሆኑ እዚህ «የመጀመሪያው» እና «የተሻሻለው» እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ሁለቱም እስከ 600 ዋት ተፈቅዶላቸዋል። መስፈርቱን የሚያወጣው ፒሲአይ-ሲግ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር ነው።

ወሬው ከየት ተነሳ?

4090 ገበያ ላይ የዋለው ጥቅምት 2022 ነው፤ በ1,599 ዶላር። ብዙም ሳይቆይ የቀለጠ ኮኔክተር ፎቶ መታየት ጀመረ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከካርዱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው አዳፕተር ነበር፤ አራት ባለ 8 ፒን ገመዶችን አንድ ላይ አምጥቶ ባለ 16 የሚያደርገው። ኢጎርስ ላብ የተባለው የጀርመን ድረ ገጽ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ብየዳ ደካማ ነው አለ። ጌመርስ ኔክሰስ የተባሉት አሜሪካውያን ደግሞ አዳፕተሮቹን ቆራርጠው፣ ሆን ብለው አበላሽተው ሞከሩ። የደረሱበት ሌላ ነበር። ዋናው ችግር ኮኔክተሩ እስከ መጨረሻው አለመሰካቱ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከፋብሪካ የቀረ ብናኝ ውስጡ ይገኛል አሉ። ኤንቪዲያም በዚያው ኅዳር በዓለም ዙሪያ የሚያውቀው ወደ 50 የሚጠጋ ጉዳት መሆኑን ገልጾ፣ አብዛኛው በደንብ ካለመሰካት የመጣ ነው አለ።

ነገሩ በረድ ያለ መሰለ። ግን አላበቃም። ኬብልሞድ የተባለው ኩባንያ ገመዱ እንዳይታጠፍ ብሎ የሠራቸው የ90 እና የ180 ዲግሪ አዳፕተሮች ራሳቸው መቅለጥ ጀመሩ። የካቲት 2024 ላይ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ወደ 25,300 የሚሆኑ አዳፕተሮች ከገበያ እንዲሰበሰቡ መደረጉን አስታወቀ። የደረሰው ሪፖርት 272 ነበር፤ የተጠየቀው የንብረት ካሳ ቢያንስ 74,500 ዶላር። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጥር 2025 መጨረሻ ላይ 5090 መጣ። 575 ዋት ይበላል። በሳምንታት ውስጥ ወሬው እንደገና አገረሸ። ያን ጊዜ ደርባወር በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሮማን ሃርቱንግ የራሱን 5090 ከባድ ሥራ ላይ ጥዶ ለካው። ከስድስቱ ሽቦዎች በአንዱ ብቻ ከ20 አምፔር በላይ ያልፋል። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የኬብሉ ጫፍ በደቂቃዎች ውስጥ 150 ዲግሪ አካባቢ ደረሰ። ገመዱ በደንብ ተሰክቷል። ሰውየውም ጀማሪ አይደለም። «ተጠቃሚው ነው ያልሰካው» የሚለው መልስ ብቻውን የማያዋጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የእኛ ሰፈር መብራት መዋዠቁ ነው የሚያቀልጠው?

አይደለም። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ፓወር ሰፕላዩ ጋ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው 12 ቮልት ነው፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ የግድግዳው መብራት ከፍ ዝቅ ቢልም ያን 12 አይለቅም። መቅለጡ የሚመጣው ከዚህ ወዲህ፣ ገመዱ ከካርዱ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ስታቢላይዘር ጥሩ ነገር ነው፣ ግዙ። ለዚህ በሽታ ግን መድኃኒት አይደለም።

እሺ፣ ለምንድን ነው ታዲያ የሚግለው?

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 600 ዋት በ12 ቮልት ማለት 50 አምፔር ነው። ይህ ብዙ ነው። ለስድስት ሽቦ እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8.3 አምፔር ይደርሰዋል። የመጀመሪያው ኮኔክተር አንድ ፒን እንዲችል የተፈለገው 9.5 አምፔር ነው። በሚችለውና በሚጫንበት መካከል ያለው ክፍተት 14 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው።

ያም ቢሆን እኩል ከተካፈለ ይችለዋል። ችግሩ «እኩል ከተካፈለ» የምትለዋ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ እኩል ልካፈል ብሎ አያስብም። በደንብ የተገናኘው ፒን መንገዱ ቀላል ስለሆነ ብዙውን ይወስዳል፤ ላላ ያለው ጥቂት ይወስዳል። ስድስት ሰው የያዘው ቃሬዛ ነው፤ ሁለቱ እጃቸውን ሲያላሉ ሸክሙ አይቀንስም፣ በቀሩት አራት ላይ ይወድቃል። በ5090 ቁጥር ብናየው 48 አምፔር ለስድስት ሲሆን 8 ነው። ለአራት ሲሆን 12። ፒኑ ከሚችለው አለፈ።

ሙቀቱ ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ በእጥፍ እጥፉ ነው የሚያድገው፤ አምፔሩ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ የፒን መገናኛ 5 ሚሊ ኦም መቋቋም አለው እንበል። 8 አምፔር ሲያልፍበት የሚያወጣው ሙቀት 0.32 ዋት ነው። 20 አምፔር ሲያልፍበት 2 ዋት ይሆናል። አምፔሩ ሁለት ከግማሽ ጊዜ አደገ፣ ሙቀቱ ከስድስት ጊዜ በላይ። ሁለት ዋት ሲሰሙት ምንም አይመስልም። ግን አየር በማያገኝ ጠባብ ፕላስቲክ ውስጥ፣ የክብሪት እንጨት በማታክል ብረት ላይ ነው ያለው። ጎረቤቱ ያለው ፒንም እንዲሁ እየጋለ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በባለ 8 ፒኑ ላይ 4.2 ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱን ያባብሳል። ፒኑን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ምላስ ሲግል ይለሳለሳል፤ ይላላል። ሲላላ መገናኛው ይበላሻል። ፕላስቲኩም ቅርጹን ይለቃል። ብዙ ጊዜ ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ካርዱ ለወራት ምንም ሳያሳይ ሲሠራ ይቆይና አንድ ቀን ማታ ስክሪኑ ይጠቁራል።

አሮጌው ባለ 8 ፒን ለምን እንዲህ አላደረገም?

ስለማይጨነቅ ነው። ባለ 8 ፒኑ የሚፈቀድለት 150 ዋት ነው፤ ሦስት የ12 ቮልት ሽቦዎች አሉት። ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 4.2 አምፔር አካባቢ ነው። ፒኖቹ ግን በአብዛኛው 8 እና ከዚያ በላይ ይችላሉ። ስለዚህ አንዱ ሽቦ ቢላላ እንኳ ሌሎቹ ሳይጨነቁ ይሸከሙለታል። ትልቅና አስቀያሚ ኮኔክተር ነው፣ ሦስቱን አራቱን ጎን ለጎን መሰካት ያስጠላል። ግን ስህተት ይችላል። አዲሱ በመጠን ሲያንስ ያጣው ይህንኑ ነው።

ካርዱ ራሱ አደጋውን አያውቅም? አራቱ ትንንሽ ፒኖችስ?

አራቱ ትንንሽ ፒኖች ሙቀት አይለኩም። አምፔርም አይለኩም። ከአራቱ ሁለቱ የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ገመድ ይህን ያህል ዋት ይችላል» ብለው ለካርዱ ይነግሩታል። 150፣ 300፣ 450 ወይም 600። የሚናገሩትም ገመዱ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ እንዴት እንደተያያዙ ነው እንጂ አሁን እየሆነ ያለውን አይደለም። ገመዱ እየጋለም «600 እችላለሁ» ይላሉ።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ካርዱ ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ነው እኔም ከኤንቪዲያ ጋር የማልስማማው። በ2022 መጋቢት የወጣው 3090 ቲአይ ይህንኑ ኮኔክተር ይዞ 450 ዋት ይበላ ነበር። እሱ ላይ ግን ስድስቱ ፒኖች በሦስት ጥንድ ተከፍለው ነው ወደ ካርዱ የሚገቡት፤ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው ይለካል። አንዱ ጥንድ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ካርዱ ያውቃል። 4090 ሲመጣ ይህ ተተወ። ስድስቱም ፒኖች ካርዱ ውስጥ እንደገቡ አንድ ላይ ይቀላቀላሉ፤ የሚለካው ድምሩ ብቻ ነው። 5090 ላይም እንደዚያው።

ድምሩ 48 አምፔር ከሆነ ካርዱ ደስተኛ ነው። ያ 48 በስድስት ሽቦ ይምጣ በሁለት አያውቅም። ፓወር ሰፕላዩም አያድናችሁም። 1,000 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት 83 አምፔር አካባቢ መስጠት ይችላል። 48 ለእሱ የዘወትር ሥራው ነው፤ ምንም ብልሽት አይታየውም። መካከል ላይ ያለው ፕላስቲክ እየቀለጠ ሁለቱም ወገኖች «ሁሉ ሰላም» ይላሉ።

ስለዚህ ጥፋቱ የማን ነው?

ሳይጨርሱ የሚሰኩ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው። ግን በትልቅ ካርድና በጠባብ ኬዝ መካከል እጁን አጣጥፎ አስገብቶ የሚሰካ ሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያስቀር አይገርምም። በየቤቱ በተራ ሰው እጅ የሚሰካ ዕቃ ያን ያህል ስህተት ካልቻለ፣ የእኔ ፍርድ ወደ ሠሪው ያደላል። በአንድ ኮኔክተር 600 ዋት ያለ በቂ ክፍተት ማሳለፍ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍፍሉን የሚለካውን ነገር ማንሳት፣ ሁለቱም ውሳኔዎች ናቸው፤ የተጠቃሚ አይደሉም። መሐንዲሶች ራሳቸው በዚህ ይከራከራሉ።

በትክክል መሰካቱን በምን አውቃለሁ?

በ«ጠቅ» ድምፅ ብቻ አትመኑ። አንዳንዱ ኮኔክተር ጭራሽ ድምፅ የለውም፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይጨርስ ጠቅ ይላል።

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ፓወር ሰፕላዩን ከግድግዳው ንቀሉ። ከተቻለ ካርዱን ማዘርቦርዱ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ እያለ ገመዱን ሰኩት፤ እጃችሁ እንደልብ ይሠራል። ጀርባውን በአንድ እጅ ደግፉ፤ በሌላው ኮኔክተሩን ራሱን ያዙ፣ ገመዱን አይደለም። ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በጎን በኩል እዩ። በገመዱ ራስና በካርዱ ሶኬት መካከል የጥቁር መስመር ክፍተት መታየት የለበትም። የሶኬቱ ከንፈርና የገመዱ ትከሻ መነካካት አለባቸው። መያዣዋ ጥርስ በሶኬቱ ጉብታ ላይ አልፋ ቁጭ ብላ መታየት አለባት። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት። ከወጣ መጀመሪያውኑ አልገባም።

ካርድና ፓወር ሰፕላይ የሚሠራው ኤምኤስአይ ለዚህ ያመጣት ዘዴ ደስ ትለኛለች። የኮኔክተሩን ጫፍ ቢጫ ቀባው። ቢጫ ከታያችሁ ገና አልገባም። ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ሌሎቹም ቢኮርጁት ጥሩ ነበር።

ሌላኛውን ጫፍም አትርሱ። የደርባወር ገመድ ይበልጥ የጋለው በፓወር ሰፕላዩ በኩል ነበር። ያን ጫፍ ሰው አንድ ጊዜ ሰክቶ ዞር ብሎ አያየውም፤ ካርዱን ሲቀይር እንኳ አይነካውም።

ገመዱን ማጠፍ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ልክ ከኮኔክተሩ እንደወጣ ግን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 35 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ጣት ያህል፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ፤ ከዚያ ይታጠፍ። ቅርብ ላይ ሲታጠፍ በአንድ ጎን ያሉት ፒኖች ይጎተታሉ፣ በሌላው ጎን ያሉት ይገፋሉ። ያኔ አንዳንዱ በደንብ ይነካል፣ አንዳንዱ አይነካም፤ ክፍፍሉ የሚዛባውም በዚህ ነው። የኬዙ መስታወት ገመዱን የሚጫነው ከሆነ ኬዙን ቀይሩ ወይም መስታወቱን አንሱት። ኬዝ ከካርዱ ይረክሳል።

የተሻሻለው ኮኔክተር ችግሩን ፈታው?

ግማሹን። የተሻሻለው ላይ አራቱ ትንንሽ ፒኖች በ1.5 ሚሊ ሜትር አጥረዋል፤ ወፍራሞቹ በ0.25 ረዝመዋል። ስለዚህ ገመዱ ሳይጨርስ ከተሰካ ትንንሾቹ አይነካኩም። የመጀመሪያው ላይ ባይነካኩም 150 ዋት ይፈቀድ ነበር። በተሻሻለው ግን ካልተነካኩ የሚፈቀደው ዜሮ ነው፤ ካርዱ አይነሳም። ይህ ሳይጨርሱ መሰካትን በደንብ ይከላከላል።

የማይከላከለው በደንብ ከተሰካ በኋላ ክፍፍሉ ሲዛባ ነው። 5090 የተሻሻለውን ይዞ ነው የወጣው፤ ደርባወር የለካውም እሱኑ ነው።

እናንተ ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሶኬቱ ላይ እዩ። ኤች የምትለዋ የላቲን ፊደል ከጎኗ አንድ የመደመር ምልክት ካላት የመጀመሪያው ነው፤ ሁለት ካላት የተሻሻለው። ለውጡ ያለው ሶኬቱ ላይ ነው እንጂ ገመዱ ላይ አይደለም። ስለዚህ ደህናውን የድሮ ገመድ «ለአዲሱ አይሆንም» ብሎ ሌላ ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ካለ እለፉት።

አዳፕተር ይሻላል ወይስ ቀጥታ ገመድ?

ቀጥታ ገመድ። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር አብሮ የመጣ፣ ወይም ሠሪው ለዚያው ሞዴል የሚሸጠው። አዳፕተር ሲጨመር አንድ የነበረው መገናኛ ሁለት ይሆናል፤ የሚግለው ደግሞ መገናኛው ነው።

ከካርዱ ጋር የመጣውን አዳፕተር የግድ የምትጠቀሙ ከሆነ እያንዳንዱ ባለ 8 ፒን ከፓወር ሰፕላዩ በራሱ ገመድ ይምጣ። አንድ ገመድ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱን እንዲመግብ አታድርጉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። የአንዱን ኩባንያ ፓወር ሰፕላይ ገመድ በሌላው ላይ አትሰኩ። በካርዱ በኩል ቅርጹም አሠራሩም አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ግን ሶኬቱ ቢመሳሰልም የሽቦው አደራደር ሊለያይ ይችላል። ያኔ መቅለጥ ሳይሆን ወዲያው ማቃጠል ነው።

ምልክቱ ምንድን ነው? ካየሁ ምን ላድርግ?

የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ሽታ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ። ሁለተኛው ጌም መሀል ስክሪኑ ጠቁሮ የካርዱ ማራገቢያ ባለ በሌለ ኃይሉ መጮኽ። ይህ በሌላም ምክንያት ይመጣል፣ ግን ኮኔክተሩን ሳታዩ አትለፉት። ሦስተኛው ገመዱ አልነቀል ማለቱ ነው። በጉልበት አትታገሉት፤ ፕላስቲኩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

ሽታ ከመጣ ከግድግዳው ንቀሉ። እስኪበርድ ጠብቁ። ከመንቀላችሁ በፊት እንደተሰካ ፎቶ አንሱት፤ ክፍተት እንዳልነበረው የሚያሳይ ማስረጃ ዋስትና ስትጠይቁ ይጠቅማል። ከዚያ ስትነቅሉት የገመዱን ፊት እዩ። ጤነኛው ጥቁርና ስል ጠርዝ ያላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ናቸው። የተጎዳው ላይ አንዱ ወይም ሁለቱ ቀዳዳ ጠርዙ ክብ ብሎ ያበጠ ይመስላል፣ አንዳንዴ አረፋ የመሰለ ነገር ያወጣል። በካርዱ በኩል ደግሞ ፒኑ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይዞ ታገኙታላችሁ።

እንደዚህ ከሆነ በቢላ ፍቆ መልሶ መሰካት የለም። ገመዱንም ካርዱንም አቁሟቸው። የተጎዳ ገመድ ጤነኛ ካርድ ላይ ሲሰካ ያንንም ያበላሻል፤ የተጎዳ ካርድም አዲስ ገመድ ይበላል። ገመዱን አትጣሉት፤ ካርዱን የሸጠላችሁ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

የሙቀት ሶፍትዌር ያስጠነቅቀኛል?

በአብዛኛው አይደለም። የምታዩት ቁጥር የቺፑና የሜሞሪው ሙቀት ነው። ቺፑ 65 ዲግሪ እያለ ኮኔክተሩ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ከሚለዩት አንዱ አሱስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው አርኦጂ አስትራል የተባለው ካርድ ነው፤ እሱ ላይ እያንዳንዱ ፒን ለብቻው ይለካል፣ በራሱ ሶፍትዌር ላይም ይታያል። ያሳያል፣ ያስጠነቅቃል፤ ክፍፍሉን ግን አያስተካክልም። ያም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ሌላ ካርድ ያለው ሰው ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ አምፔሩን የሚለካውን መሣሪያ፣ ካገኘ እያንዳንዱን የ12 ቮልት ሽቦ ለየብቻ መለካት ይችላል። ኤሲ ብቻ የሚለካው ርካሹ አይሆንም። ካርዱ ላይ ከባድ ጌም ከፍታችሁ ስድስቱን ለኩ። 7፣ 8፣ 9 ቢል ችግር የለም፣ መበላለጥ ያለ ነው። አንዱ 13 ብሎ ሌላው 3 ካለ አጥፉና ገመዱን ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት። ካልተስተካከለ ገመዱን ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በየሳምንቱ እየነቀላችሁ አትፈትሹት። ኮኔክተሩ 30 ጊዜ ያህል ለመሰካትና ለመንቀል ነው የተሠራው። በስጋት ብዛት ሲነቀል ሲሰካ የሚላላው እሱው ነው።

ኃይሉን ብቀንሰው ይጠቅማል?

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የተባለውን የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ክፈቱ፣ ፓወር ሊሚት የሚለውን ወደ 80 በመቶ ጎትቱት። 5090 ላይ 575 የነበረው 460 ዋት ይሆናል። ለአንድ ሽቦ 8 የነበረው 6.4 አምፔር ይደርሰዋል፤ 4090 ሳይነካ ከሚያሳልፈው ጋር ተቀራራቢ ነው። ሙቀቱ በእጥፍ እጥፉ ነው የሚሄደው ያልነው እዚህ ላይ ለእኛ ይሠራል። አምፔሩ በ20 በመቶ ሲቀንስ መገናኛው ላይ ያለው ሙቀት በ36 በመቶ ይቀንሳል።

ጌም ላይ የምታጡት ፍሬም ከምትቆጥቡት ኃይል በእጅጉ ያነሰ ነው። እነዚህ ካርዶች የመጨረሻዎቹን ጥቂት ፍሬሞች ለማውጣት ነው ያን ሁሉ ዋት የሚበሉት። ማራገቢያውም ዝም ይላል፣ ክፍሉም አይግልም። ቀንና ሌሊት ሬንደር የሚያደርጉና የኤአይ ሞዴል የሚያሠለጥኑ ሰዎች ደግሞ ከጌመሩ ይበልጥ ይህን ማድረግ አለባቸው፤ የእነሱ ካርድ ለሰዓታት ሳያርፍ ነው የሚሠራው።

ቤት ሊያቃጥል ይችላል?

እስካሁን በብዛት የታየው መቅለጥና መጥቆር ነው። ፕላስቲኩ በቀላሉ ነበልባል እንዳይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቢሆንም 150 ዲግሪ የደረሰ ነገር ከአቧራና ከመጋረጃ አጠገብ እንዲሠራ ትቶ መተኛት አይመከርም። ከባድ ሥራ ለሌሊት የምትተዉ ከሆነ ኃይሉን ቀንሱ፣ ኬዙን ከአቧራ አጽዱ።

የእኔ 4070 ወይም 5070 ነው። ልስጋ?

ብዙም አትስጉ። 5070 የሚበላው 250 ዋት ነው፤ ለአንድ ሽቦ 3.5 አምፔር። ሁለት ሽቦ ቢላላ እንኳ ለቀሩት 5.2 ይደርሳቸዋል። 5080 በ360 ዋት ለአንድ ሽቦ 5 ነው፤ እሱም ሰፊ ክፍተት አለው። በደንብ ሰኩና እርሱት። ይህ ወሬ በዋናነት የ4090 እና የ5090 ነው።

ኤኤምዲ ብገዛ እገላገላለሁ?

በአብዛኛው አዎ። ኤኤምዲ የኤንቪዲያ ተፎካካሪ ነው፤ 7900 ኤክስቲኤክስን ጨምሮ የ7000ዎቹ ካርዶቹ በአብዛኛው በባለ 8 ፒን ነው የሚሠሩት። በ2025 መጋቢት የወጣው 9070 ኤክስቲም አብዛኛው ባለ 8 ፒን ነው፤ የሳፋየር ኒትሮ ፕላስና የኤኤስሮክ ታይቺ ግን ባለ 16ቱን ይጠቀማሉ። ካርዱ 300 ዋት አካባቢ ስለሚበላ ጭነቱ ከ5090 በጣም ያነሰ ነው። ግን ከኮኔክተሩ ለመሸሽ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ የካርዱን ጎን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሰው ያመጣልኝ ካርድ ቢቀልጥስ? ያገለገለስ ልግዛ?

ዋስትናው ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር ጋር የተያያዘ ነው፤ ደረሰኝም ይጠይቃል። ስለዚህ ያመጣላችሁን ዘመድ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት፣ የሳጥኑን ሲሪያል ቁጥርም ጭምር። ቢበላሽ መልሶ መላክ ወጪው ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ አዲስ የሚበይድ ጎበዝ ባለሙያ ሊገኝ ይችላል። ግን የቦርዱ መዳብ ብዙ ሙቀት ስለሚስብ በተራ ካውያ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ ከተነካ በኋላም ሠሪው ዋስትናውን ሊከለክላችሁ ይችላል።

ያገለገለ 4090 ስትገዙ መብራት ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ጌም ሲያጫውት ከማየታችሁ በፊት ገመዱን አስነቅሉና የሶኬቱን ውስጥ እዩ። አሥራ ሁለቱም ፒኖች አንድ ዓይነት ቀለም ይኑራቸው። ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው ስል ይሁን። ሻጩ «መንቀል አያስፈልግም፣ እየሠራ ነው» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።